ደብረ ብርሃን ላይ ሊጥ ኩፍ የሚለው እንዴት ነው?

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጠቅልላችሁ ወደ አገር ቤት ለመግባት ከምታስቡት መካከል አንዳንዶቻችሁ፣ በስደት የለመዳችሁትን የቤት ውስጥ ዳቦ እዚህ መጋገር ይቻል እንደሆነ ጠይቃችኋል። ይቻላል፤ እኔ ግን መላውን እስካገኝ ድረስ ሁለት ወርና ግማሽ ኬሻ ዱቄት ፈጅቶብኛል።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ቢሆንም፣ በልጅነቴ በቡሄ ሙልሙል ተቀባይ እንጂ ጋጋሪ አልነበርሁም፤ ወንድ ልጅ ቡሃቃ ላይ ጎንበስ ብሎ ቢገኝ የሰፈር መሳቂያ ይሆን ነበር። መጋገር የተማርሁት በስደት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች ከተማ ነው። ለ1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾና 650 ሚሊ ሊትር ውኃ እለካና በ200 ዲግሪ ሙቀት 40 ደቂቃ ያህል እጋግር ነበር፤ ለዓመታትም አላሳፈረኝም። ኮባ ስለማይገኝ በሙዝ ቅጠል እጠቀልለው ነበር፤ መዓዛው ግን ኮባን አይተካም።

ያንኑ ልክ ይዤ እዚህ የሞከርሁት ውርጭ በሚወርድበት በኅዳር ወር ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ያቦካሁት ሊጥ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ንቅንቅ አላለም። በማግሥቱ እርሾውን እጥፍ አድርጌ ሊጡን ከምድጃ አጠገብ አስቀመጥሁት፤ ወዲያው ኩፍ አለ፣ ኦቭን ውስጥም እንደ ጉብታ ተነፋ፣ ከዚያ መሐሉ ሰርጉዶ ቁጭ አለ። ስቆርሰው ዳሩ ደርቋል፣ ውስጡ ጥሬ ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ የገጠሙኝ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ከቆላው ይልቅ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ቅርፊቱ ሳይጠነክርም የሊጡን ስስ ግድግዳ ይቀድደዋል። ውኃም በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቶሎ ይተንናል። ብርዱ በአንጻሩ እርሾውን ያስተኛዋል። እኔ የብርዱን መድኃኒት ስፈልግ የከፍታውን ችግር አባባስሁት ማለት ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ከአንዲት እናት ነው። የሰረጎደውን ዳቦ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እርሾው ምን በደለ? የቸኮልከው አንተ ነህ» አሉኝ። እርሳቸው ከቀድሞው ሊጥ ያስቀሩትን ጥቂት እርሾ ጨምረው ማታ ያቦካሉ፤ ቡሃቃውን በመንዝ ባና ጠቅልለው ያሳድሩና ጠዋት ይጋግራሉ። እኔም ደረቁን እርሾ ወደ 4 ግራም አውርጄ፣ ሊጡን ባና አልብሼ ማሳደር ጀመርሁ። እጥፍ እስኪሆን አልጠብቅም፤ በጣቴ ስነካው ስርጉዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ ወደ እሳት ይገባል። ሙቀቱን ወደ 215 ዲግሪ ከፍ አደርጋለሁ፤ ከሥርም ውኃ ያለበት ሳህን አስቀምጣለሁ። የወፍጮ ቤት ዱቄት እንክርዳዱ ቢለቀምም ገለባው ስላለበት ውኃ ይጠጣል፤ ሲሶውን እርሱን ስቀላቅል ውኃውን 720 ሚሊ ሊትር አደርሳለሁ።

መብራት በሚጠፋበት ቀን ከኦቭን ይልቅ ምጣድና አክንባሎ ይታደጋችኋል። የድፎ ዳቦ ሙያ ያለው ከላይ የሚደረገውን እሳት ከታችኛው ጋር በማመጣጠን ላይ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሥሩን አሳርሬዋለሁ፣ አንድ ጊዜም ኮባው ሳይቀር ከሰል ሆኗል።

ያልተሳካልኝ የገብስ ዳቦ ነው። ገብሱ እንደ ስንዴ ስለማይያያዝ፣ ሲሶ ብቻ ብቀላቅልም ሊጡ ይፈርስብኛል፤ ሩብ ሳደርገው ደግሞ የገብሱ ጣዕም ይጠፋል። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ወገን የቀናችሁ ካላችሁ ልኩን ጻፉልኝ።