ወንድሜ ከቅሬ ቀረ፤ ጨጓራ ነው ወይስ ድብርት?

የሰኞ ገበያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችን፤ እሱ ይሰፋል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ።

ከኢድ ወዲህ ሁኔታው አላማረኝም። መጀመሪያ ጨጓራዬን አለ። ኦሜፕራዞል ወሰደ። ቀጥሎ ራሴን አለ። ክሊኒክ ሄደ፤ እንደተለመደው ታይፎይድና ታይፈስ ተባለ። (እዚህ አገር ታይፎይድ ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) መርፌውን ጨረሰ፣ ለውጥ የለም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሱብሂ እንቅልፍ የለም። ምግብ ሲቀርብ ሁለት ጎርሶ እጁን ይታጠባል። ከስቶ ቀበቶውን አዲስ ቀዳዳ በስቶለታል። ሥራው ተቆልሏል። የሠርግ ቀሚስ ያዘዙ ሰዎች ቀጠሮው አልፎ መጥተው ጮኹበት። ድሮ ቢሆን ቀልዶ አስቆ፣ ሻይ ጋብዞ ነበር የሚሸኛቸው። አሁን "እውነታችሁን ነው፣ እኔ ለምንም አልሆንም" ብሎ ቀብዱን መለሰላቸው።

ያስደነገጠኝ ግን ቅሬው፣ የቀብር ዕድራችን ነው። ጎረቤት ሞቶ ቀብር ቀረ። ወሎዬ የሆነ ይሄ ይገባዋል። ትኩሳት ይዞትም ቢሆን ከቅሬ የማይቀር ሰው ነበር። መቀጫውን እኔ ከፈልኩ። ስነግረው "እሺ" ብቻ አለኝ።

እማ "ዓይን ነው፣ ሩቅያ ይቀራለት" ትላለች። ጓደኞቹ ጫት ስላቆመ ነው ይላሉ። እኔ ድብርት ይመስለኛል። ግን አያለቅስም፣ ከፋኝም አይልም። ድብርት ሳይከፋም ይኖራል? የትስ ነው የሚኬደው? አማኑኤል የሚል ስም ከሰማ ደግሞ ከቤት እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ።

አባ ምርቃና፦

እህቴ አብሽሪ፣ ዱካክ ነው። ጫት ያቆመ ሰው ይደብረዋል፣ ይቃዣል፣ ይነጫነጫል። ትንሽ ይቃምና ይለቀዋል። ድብርት የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ነው ባክሽ።

ነርሷ፦

ሳይካትሪ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። አባ ምርቃና፣ ዱካክ መኖሩን አልክድም። ግን እሱ ብዙውን ጊዜ በቀናት፣ ቢቆይም በጥቂት ሳምንታት እየቀለለ ይሄዳል። የሷ ወንድም እየባሰበት ነው። ደግሞ መጀመሪያ የቱ መጣ ብለን እንጠይቅ። ጫቱን ያቆመው ጣዕሙን ስላጣ ከሆነ፣ ያ ራሱ ምልክት ነው። መልሶ መቃም የተረፈችውን እንቅልፍ ነው የሚወስድበት።

እህቴ፣ አዎ፣ ሳይከፋም ይኖራል። ከዋናዎቹ ምልክቶች አንዱ ሐዘን ነው። ሌላው ደግሞ ድሮ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ኖሮ፣ በዚያ ላይ የእንቅልፍ፣ የምግብና የጉልበት መዛባት፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት፣ ራስን መውቀስ ሲጨመርና 2 ሳምንት ሲያልፍ መታየት አለበት። እኛ ጋ "ደበረኝ" ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። "ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን፣ ደረቴን ከበደኝ" ነው የሚሉን። ከዚያ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ መርፌ። ሌሊት ነቅቶ መቅረቱ እና ያ "ለምንም አልሆንም" ያለው ነገር ከጨጓራው በላይ ነው ያሳሰበኝ።

አማኑኤል ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ደሴ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለ። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ድብርት ስለሚመስሉ እነሱንም ይዩለት በያቸው። መድኃኒት ከታዘዘለት፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን ቢሆን፣ ለውጡ የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። ማቅለሽለሹ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙው ሰው "ባሰብኝ" ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው። ሲሻለውም በራሱ ማቆም የለበትም፤ ለወራት ይቀጥላል። ሱስ አያስይዝም። ከእናትሽ ጋር ደግሞ አትጣዪ። ሩቅያውም ይቀራ፣ መድኃኒቱም ይዋጥ።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦

እኔ ታምሜበት ስለማውቅ ልናገር። አይሱዙ ነው የምነዳው፣ ከኮምቦልቻ በባቲ ሚሌ። እኔም አላለቀስኩም። ቴፕ መክፈት ጠላሁ፣ በቃ። መኪና ማጠብ ጠላሁ። ስልክ ሲጠራ ልቤ ይመታል፣ አላነሳም። ቤት ስገባ ልጆቼ "አባ" ብለው ሲሮጡ ድካም እንጂ ደስታ አይመጣልኝም፤ ለዚህም ራሴን እረግም ነበር። ረዳቴ ነው ያወቀብኝ። ልጅ ነው ግን ዓይን አለው። "ጋሼ፣ ድሮ እኮ ፍሬን ላይ ትሳደብ ነበር" አለኝ።

ባለቤቴ አእምሮ የሚል ቃል አልወጣትም። "እንቅልፍህን እናሳይ" አለች። ለእንቅልፍማ ማን እምቢ ይላል? ሄድኩ። ሐኪሙ ጋ ስቀመጥ ያሰብኩትን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ይጠይቁሻል፣ ትመልሻለሽ። 2014 ላይ ዕቃ የጫነ መኪና አጥቼ ነበር፤ እሱን ሳወራ ነው ስንት ዓመት ይዤው እንደኖርኩ የገባኝ።

ክኒኑ መጀመሪያ ሆዴን አገላበጠው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር ቆማ ታስውጠኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ መሐል መኪናው ሲጨናነቅ ራበኝ። የእውነት ረሃብ። ሁለት ሰው የሚበላውን በላሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ "ጠንከር በል፣ አንተ ወንድ አይደለህ" የሚሉትን ከሱ አርቂልኝ። ቡና ሲፈላም አውራ ብላችሁ አታስጨንቁት። አጠገቡ ተቀመጡ፣ በረካውን ጠጡ፣ ይበቃል።

የሰኞ ገበያዋ፦

አላህ ያክብርልኝ። "ለእንቅልፍህ" ብዬው እሺ አለኝ። ሐሙስ ልንሄድ ነው። ግን ማታ አንድ ነገር አለኝ፤ "ተኝቼ ባልነሳ ይሻለኝ ነበር"። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ብጠይቀው ሐሳቡን እንዳላስታውሰው ፈርቼ ነው።

ነርሷ፦

ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፣ ብዙ ሰው እንዲያውም ይቀለዋል። በቀጥታ "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" በዪው። አስቤያለሁ ካለ፣ ወይም እንዴት እንደሚያደርገው ከነገረሽ፣ ሐሙስን አትጠብቂ። ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። እስከዚያ ብቻውን አይደር። ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ፣ ፀረ ተባይ፣ የተጠራቀመ መድኃኒት ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። የሱቁን መቀስና ምላጭም አንቺ ቆልፊበት።

ስትሄዱ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ፣ የታይፎይዱንም ጭምር፣ ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ ጋም አብረሽው ግቢ፤ ስለ ቅሬው እሱ አይነግራቸውም።