የጨለለቃን ሐይቅ በድሮ የሳተላይት ምስል ማየት ይቻላል?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ የሚገኘው፣ ዛሬ ከብት የሚግጥበት የጨለለቃ ረግረግ ቀድሞ ሐይቅ እንደነበር አባቶች ይናገራሉ፤ በስልኬ ካርታ ላይ ግን የሚታየኝ አረንጓዴ መስክ ብቻ ነው። የድሮውን ምስል ከየት ማግኘት እችላለሁ? ከዛሬው ጋር ሳነጻጽርስ ምን ልጠንቀቅ?

ካርታ ሠሪ፦
የሚፈልጉት ላንድሳት በተባሉት ምድርን የሚያነሡ የአሜሪካ ሳተላይቶች የምስል ማኅደር ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ላንድሳት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ምስሎቹም ከ2008 ወዲህ በነጻ ስለሚሰጡ ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ድረ ገጽ ላይ ማውረድ ይቻላል። ሲከፍቱት ቀለሙ እንዳያደናግርዎ፦ የመጀመሪያው ላንድሳት መሣሪያ ሰማያዊ ብርሃንን ስለማይለካ፣ በተለመደው አቀራረብ ለምለም ዕፅዋት ደማቅ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ ውኃ ደግሞ ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ጨረር ስለሚውጥ ይጠቁራል። በመጀመሪያ የሐዋሳን ሐይቅ ያግኙ፤ እሱን ከለዩ በኋላ ዓይንዎን ወደ ምሥራቅ ቢወስዱ ጨለለቃን አያጡትም። የክረምቱን ምስሎች ደመና ስለሚሸፍናቸው የታኅሣሥንና የጥርን ይምረጡ፤ ሁለቱንም ዘመን በአንድ ወር ካላነጻጸሩ የወቅቱን ለውጥ ከዘመኑ ለውጥ መለየት አይችሉም።

የጥቁር ውኃ ሰው፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ደረቅ መሬት ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ከዚሁ ረግረግ ተነሥቶ ነው፤ ቄጤማው ውስጥ የገባ ሰው ውኃው እስከ ጉልበቱ ሊደርስ እንደሚችል ያውቃል፤ ከላይ የሚያነሣው ካሜራ ግን የሚያየው ቅጠሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ሐይቁ በደለል ተሞልቶ ረግረግ መሆኑ አንድ ጉዳይ ነው፣ ፈጽሞ መድረቁ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሁኑን ሁኔታ ለማየት ሴንቲኔል 1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የተሻለ ይመስለኛል፤ በራዳር ስለሚሠራ ደመና አያግደውም፣ ከዕፅዋት ሥር ያለውንም ውኃ አንዳንድ ጊዜ ያመለክታል። እንደ ላንድሳት በብርሃን የሚያነሣው ሌላው የአውሮፓ ሳተላይት፣ ሴንቲኔል 2፣ የምስሉ እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክሰል) 10 ሜትር በ10 ሜትር ሲሆን የ1972ቱ ላንድሳት ግን ወደ 80 ሜትር ስለሚጠጋ፣ በዳርቻው ላይ የአንድና የሁለት ነጥብ ልዩነት ቢታይ ሐይቁ ሸሸ አያሰኝም።

የታቦር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጠቀችው የአገራችን ሳተላይት ለዚህ አትጠቅምም?

ካርታ ሠሪ፦
የምስሏ ነጥብ 13.7 ሜትር ስለሆነ ለረግረጉ ይበቃ ነበር፤ የእርስዎ ጥያቄ ግን ከመምጠቋ በፊት ስላለው ዘመን በመሆኑ ወደ ላንድሳት መመለስዎ አይቀርም።