ቀይ ጸጉር ያለውን ሰው በአማርኛ ምን እንበለው?

ከለገጣፎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ የግድግዳ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ርዕሱ በሳይንስ፣ በሕክምናና በትምህርት ስማቸው የሚነሳ ቀይ ጸጉር ያላቸው ሰዎች ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1819 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን የመሠረተው ቶማስ ጀፈርሰን ነው። ሌላው ሐኪሙ ጄምስ ባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ኬፕታውን ላይ ሆድ ቀዶ አዋልዶ እናትም ልጅም ተርፈዋል።

የቸገረኝ ስያሜው ነው። «ቀዩ ሐኪም» ብል ሁሉም የፊቱን መልክ ነው የሚያስበው። ሰውን ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው በቆዳው ነዋ። አንድ ባልደረባዬ «ጸጉረ ልውጥ ለምን አትለውም?» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ከሱሉልታ፦
መምህር፣ «ጸጉረ ልውጥ»ን ይተዉት። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ማለት ነው። ቀበሌ «ጸጉረ ልውጥ ካያችሁ አሳውቁ» ሲል የጸጉር ቀለም የሚመረምር የለም። ጸጉሩ እንደኛው ጥቁር የሆነም ጸጉረ ልውጥ ይባላል።

እኔ «ጸጉረ ዳማ» ብል ደስ ይለኛል። ዳማ የፈረስ መልክ ነው፤ ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ። እዚህ እኛ ጋ ባለ ጋሪዎች ፈረሳቸውን ዳማው ሲሉ ይሰማል። የእነዚያ ሰዎች ጸጉርም እንደ ደም ቀይ አይደለም፤ ዳማ ነው።

ደግሞ ጄምስ ብሩስን እንዳትረሱት! ስኮትላንዳዊ ነው፤ ረጅም፣ ጸጉሩ ጠቆር ያለ ቀይ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ቤተ መንግሥት አካባቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን አክሟል። መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ወደ አውሮፓ የወሰደውም እሱ ነው። ተቅማጥ ሲይዘው ያዳነው ዋጊኖስ የሚባለው ተክል ዛሬ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ ይባላል፣ በእሱ ስም። ለእኛ ልጆች ከጀፈርሰን ይልቅ ይሄ ሰውዬ ይቀርባል። እኔ ብሆን በእሱ ነው የምጀምረው።

ከሰበታ፦
ጋሼ፣ ዳማን እወደዋለሁ። ግን ለሰውም «ቀይ ዳማ» ስንል ያው ቆዳውን ነው። የከተማ ልጅ ደግሞ ዳማ ሲባል ጨዋታው ነው ትዝ የሚለው።

እኔ አደራ የምለው ሌላ ነው። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። «ጸጉሩ የቀላ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። እኛ ዘንድ እናት «የልጄ ጸጉር ቀላብኝ» ካለች ያሳስበናል። ፕሮቲን ያነሰው ሕፃን ጸጉሩ ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ሳብ ሲያደርጉት በቀላሉ ይነቀላል። እግሩም ያብጣል። ይህ ኳሺዮርኮር ነው። ስሙ ከጋና ነው፣ ከጋ ቋንቋ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚያ ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ ናት በሕክምና ጽሑፍ ያስገባችው። እንዲህ የቀላ ጸጉር ሕፃኑ ሲታከምና በደንብ ሲመገብ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመለሳል።

የነብሩስ ግን ከልደት ነው። ኤምሲዋንአር የሚባል ዘረመል አለ። በአብዛኛው ከእናትም ከአባትም የተለወጠው ቅጂ ሲወረስ፣ ለጸጉር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ጥቁሩ ያንስና ቀዩ ይበዛል። ስለዚህ «ቀላ» ለሆነ ለውጥ፣ «ቀይ» ለተፈጥሮ ይሁን። በእንሶስላ ወይም በሂና የተቀባውንም «አቀላችው» ነው የምንለው።

ከለገጣፎ፦
አመሰግናለሁ እህቴ፣ ጋሼም። ርዕሱ ላይ «ጸጉረ ቀይ» እጽፋለሁ። ብሩስ ጋ ስደርስ «ጸጉሩ ዳማ ነበር» እላለሁ፤ እዚያ ላይ ጸጉሩ አብሮ ስለተጠቀሰ አያሳስትም። የጤናውን ነገር ለብቻ አምድ እሰጠዋለሁ። ብዙ ሲሆኑስ? «ጸጉረ ቀያይ» ወይስ «ጸጉረ ቀዮች»?

ከሱሉልታ፦
«ጸጉረ ቀዮች»። «ልበ ሙሉዎች» እንደምንለው መጨረሻውን ነው የምናበዛው። ዳማዬን ጨርሰው ስላልጣሉብኝ ደስ ብሎኛል።