በኮ ሳሙይ ደሴት መኖር፦ ከሜሪላንድ ለጠየቁን ወንድማችን የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ ውድ ወገኖቼ። እኔና ባለቤቴ በአሜሪካ ከ25 ዓመት በላይ ሠርተን አሁን ሁለታችንም ጡረታ ለመውጣት ተቃርበናል። ባለፈው ጃንዋሪ በታይላንድ፣ በኮ ሳሙይ ደሴት ሦስት ሳምንት አርፈን ነበር። ሙቀቱ ለባለቤቴ የጉልበት ሕመም መድኃኒት ሆነላት፤ የሕዝቡም ትሕትና ልባችንን ወሰደው። ቤታችንን ሸጠን፣ ጓዛችንን ጠቅልለን ብንሄድ ምን ይጠብቀናል? ባለቤቴ በጸጉር ሥራ ረጅም ልምድ ስላላት እዚያ ትንሽ የጸጉር ቤት ብትከፍት ብለንም አስበናል። የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊን እንደምትወስድም ልጨምር። እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ እውነቱን ሳትሸፋፍኑ እንድትነግሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከኮ ሳሙይ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከስዊድን ልነሣ ስል ይህንኑ የምጠይቀው ሰው ፈልጌ አጥቼ ስለነበር፣ የማውቀውን ያህል በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ቤታችሁን አትሽጡ። አከራዩትና ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያሉትን ወራት ጨምሮ አንድ ሙሉ ዓመት እዚህ ኖራችሁ እዩት። ስለ መሸጡ ከዚያ በኋላ ብታስቡ ይደርሳል።

ይህን የምለው ጃንዋሪ ላይ ያያችሁት ሳሙይ በዝናቡ ወራት ሌላ መልክ ስላለው ነው። ደሴቱ የሚገኘው በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ በኩል በመሆኑ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በምዕራብ በኩል ያለው የፉኬት ደሴት ክረምቱን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ኖቬምበር የባሰበት ወር ነው። ማዕበሉ ሲበረታ ከዋናው መሬት፣ ከዶን ሳክ ወደብ የሚነሡት መርከቦች ይቆማሉ፤ ብዙው አትክልትና ሸቀጥ የሚመጣው በእነሱ ስለሆነ የገበያው መደርደሪያ በሁለት ቀን ውስጥ ሲራቆት አይቻለሁ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ፓቡክ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ መርከቡም አውሮፕላኑም ቆሞ፣ እኛም በር ዘግተን ተቀምጠን ነበር። ከዝናቡ ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ ግን እርጥበቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ እናቴ ለሰርጌ ያሠራችልኝን የሀገር ልብስ በላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ዲሴምበር ላይ ስፈታው ጥለቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበት፣ ነጠላው ደግሞ ሻግቶ አገኘሁት። በሎሚና በጨው አሽቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ሽታው ለቀቀ፣ ነጠብጣቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፦ ጥጥ ልብስ በላስቲክ አይጠቀለልም፤ በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይናፈሳል።

ዋናው ጉዳይ ወረቀት ነው። ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው ሰው በጡረታ ምክንያት በየዓመቱ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ለዚህም በታይላንድ ባንክ በራሱ ስም 800,000 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ማስቀመጥ፣ ወይም በየወሩ ቢያንስ 65,000 ባት ገቢ ማሳየት አለበት። የባንኩን መንገድ የመረጠ ሰው ገንዘቡ ማመልከቻው ከመግባቱ ሁለት ወር አስቀድሞ ባንክ ውስጥ መገኘት፣ ፈቃዱ ከታደሰ በኋላም ለሦስት ወር ሳይነካ መቆየት፣ በቀሪው ጊዜ ደግሞ ከ400,000 ባት በታች መውረድ እንደሌለበት ይወቅ፤ በሕክምና ወይም በልጅ ሰርግ ምክንያት ከዚህ ላይ ቆንጥረው ሲታደስ የተቸገሩ ሰዎች አውቃለሁ። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ይሰጠው የነበረውን የገቢ ማረጋገጫ ከ2019 ጀምሮ ስላቆመ፣ በወርኃዊ ገቢ ማመልከት ከፈለጋችሁ ጡረታችሁ በየወሩ ከውጭ ወደ ታይላንድ ባንክ ሲገባ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋችኋል። ከሁለት አንዳችሁ ዋና አመልካች ሆናችሁ ሌላው በትዳር ተከትሎ መኖር ይችላል፤ ስለዚህ ሕጋዊ ማረጋገጫ የተደረገበት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከአሜሪካ ሳትነሡ ያዙ።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም በየ90 ቀኑ አድራሻችሁን ለኢሚግሬሽን ታሳውቃላችሁ፤ ሳያሳውቅ የቀረ 2,000 ባት ይቀጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጡ ከሀገር መውጣት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የደከማችሁበት ፈቃድ ድንበር ባለፋችሁበት ሰዓት ይሰረዛል። አባቴ ያረፈ ሌሊት መርዶው በስልክ ሲደርሰኝ፣ በማግሥቱ ባገኘሁት አውሮፕላን ከባንኮክ ወደ አዲስ አበባ በረርኩ፤ ስለ መመለሻ ፈቃድ ያሰብኩት ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ነበር። ስመለስ ሁሉንም ነገር ከሀ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ፈቃዴ በታደሰ ዕለት ለብዙ ጊዜ የሚያገለግለውን መመለሻ በ3,800 ባት እዚያው አወጣለሁ፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆነው 1,000 ባት ነው። ከኢትዮጵያ ለሚመለስ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ስለሚጠየቅ እሱን ከፓስፖርቴ ለይቼ አላውቅም።

የጸጉር ቤቱን ነገር በተመለከተ ባለቤትዎን ማሳዘን ባልወድም መደበቅ አልችልም፤ አይሆንም። በጡረታ ፈቃድ የሚኖር ሰው መሥራት አይፈቀድለትም። የጸጉርና የውበት ሥራ ደግሞ ለታይላንድ ዜጎች ብቻ ከተከለሉት ሙያዎች አንዱ ስለሆነ፣ የሥራ ፈቃድ በማውጣትም የሚገኝ አይደለም። በታይላንዳዊ ሰው ስም ክፈቱት የሚል አማካሪ እዚህ አይጠፋም። መሬትንም በተመለከተ እንዲሁ ይላሉ። ሕጉ የውጭ ሰው መሬት እንዲገዛ አይፈቅድም፤ የሚፈቅደው በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ከጠቅላላው ስፋት እስከ 49 ከመቶ ከሚደርሰው የውጭ ዜጎች ድርሻ መኖሪያ ቤት መግዛትን፣ ወይም መሬትን በመሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ እስከ 30 ዓመት መከራየትን ነው። አንድ አውሮፓዊ ጎረቤቴ በሰው ስም ቤት ሠርተው፣ የስሙ ባለቤት ሲሞት ወራሾቹ መጡባቸው፤ የተከሏቸውን የማንጎ ዛፎች ትተው ወጡ። እባካችሁ፣ ተከራይታችሁ ብቻ ኑሩ።

ስትከራዩም መብራቱ በቀጥታ በመንግሥት ቆጣሪ የሚከፈል መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመንግሥቱ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 4 ባት አካባቢ ሆኖ ሳለ 7 ወይም 8 ባት የሚያስከፍሉ አከራዮች ብዙ ናቸው፤ ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ በሚሠራበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቀጥሎ ግቢውን ዞራችሁ የውኃ ማጠራቀሚያውን ተመልከቱ። በደረቁ ወራት የቧንቧ ውኃ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ፣ ትንሽ ታንከር ያለው ቤት ውኃ በመኪና እያስመጣ ሲገዛ ይከርማል።

ስለ ምግብ ሳነሣ ልቤ ደስ ይለዋል። ጾም የምትጾሙ ከሆነ «ጄ» የምትለውን ቃል ተማሩ። አትክልት ብቻ ስጡኝ ብትሉ እንቁላል፣ ወይም ናም ፕላ የሚሉት የዓሣ ጭማቂ፣ ወይም ካፒ የሚሉት የሽሪምፕ ድልህ ገብቶበት ሊመጣ ይችላል። ጄ ካላችሁ ግን ሥጋም ዓሣም ወተትም እንቁላልም አይገባበትም፤ እንዲያውም በእነሱ ሥርዓት ነጭና ቀይ ሽንኩርትም አብሮ ይቀራል። ይህ ከቻይናውያን የመጣ የዘጠኝ ቀን ጾም ነው። ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር ላይ ሲገባ በየምግብ ቤቱ ቀይ ፊደል የተጻፈበት ቢጫ ባንዲራ ይሰቀላል፤ በቀሪው ዓመትም ጄ የሚያበስሉ ቤቶች አይጠፉም። ለእንጀራ ጤፍ ከዚያው ይዛችሁ ኑ። እኔ ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ አቦካዋለሁ፤ አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈጀው ሊጥ በዚህ ሙቀት ጠዋት ተቦክቶ ማታ ስለሚደርስ አንድ ሌሊት ካሳለፋችሁት ይኮመጥጣል። በርበሬና ሽሮ የሚቀመጡት በረዶ ቤት ውስጥ ነው፤ ውጭ ካደሩ በሳምንት ውስጥ ይጓጉላሉ። ለጀበና ከሰሜን፣ ከቺያንግ ራይ ተራሮች የሚመጣውን ጥሬ አራቢካ አስመጡ፤ በደቡብ በቹምፖን የሚበቅለው ሮቡስታ ለእኛ አፍ ይመርራል።

ቡና ባፈላሁበት በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣኑ ሲጨስ በአጥር በኩል ያሉት እናት ብቅ አሉ። እነሱ በየግቢያቸው በቆመችው ትንሽ የመንፈስ ቤት ፊት በየጠዋቱ ዕጣን ያጨሳሉና፣ እኔ ለማን እንደማጨስ ጠየቁኝ። ለጎረቤት ነው ብዬ በተሰባበረ ቋንቋ መለስኩላቸውና ሦስቱንም ስኒ ጠጥተው ሄዱ። ዛሬ «ያይ» እላቸዋለሁ፤ አያቴ እንደማለት ነው። እዚህ ሰው በደረቁ በስሙ አይጠራም፤ ታላቁን «ፒ»፣ ታናሹን «ኖንግ»፣ በአባትና በእናት ዕድሜ ያሉትን «ሉንግ» እና «ፓ» ይላሉ፤ እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ቋንቋው ባይሟላለትም ገበያ ላይ እንደ እንግዳ አይታይም። የሰውን ራስ በእጅ አትንኩ፣ እግራችሁንም ወደ ቡድሃ ምስል አትዘርጉ። ስለ ንጉሡና ስለ ቤተሰባቸው ደግሞ በቀልድም ቢሆን ክፉ ቃል አይነገርም፤ የወንጀል ሕጉ 112ኛ አንቀጽ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል።

የእኛ ሰው በደሴቱ ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ሙስሊም ለሆኑ ወገኖቻችን በደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ ሁዋ ታኖን የሚባል የሙስሊም ዓሣ አጥማጆች መንደር ከነመስጊዱ አለ፤ ለእኛ ለተዋሕዶዎቹ ግን ቅዳሴው በስልክ ነው። ትንሣኤን ለብቻዬ ስፈስክ የሚሰማኝን እዚህ መጻፍ አልችልም። ባለቤትዎ ማኅበርና እድር የለመዱ ከሆኑ ይህን ሁለታችሁም አብራችሁ አስቡበት።

ተጨማሪ፣ ከፉኬት

እህታችን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ መንገድና ስለ ሕክምና ነው። በታይላንድ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ በደሴቶቹ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በሞተር ሳይክል ነው። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የወደቀን ሰው ብዙ የጤና ኢንሹራንሶች አንከፍልልህም ይላሉ፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ በቂ አይደለም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ዝናብ ባረጠበው አሸዋ ላይ ተንሸራቶ ጭኑን ሲሰበር የቀዶ ሕክምናውን ሂሳብ የከፈልንለት ተዋጥተን ነው። የአሜሪካው ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ስለማይከፍል፣ ወንድሜ፣ የኢንሹራንሱን ዋጋ ከቤት ኪራይ በፊት አስሉት፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይወደዳል፣ ስኳር ያለበትን ሰውም አንቀበልም የሚሉ አሉ። የአምቡላንስ ቁጥሩ 1669 ነው።

ሁለተኛው ዴንጊ የሚባለው ትኩሳት ነው። የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚነክሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ የአበባ ማስቀመጫና የተጣለ የኮኮናት ቅርፊት ያቆረውን ውኃ በየሳምንቱ ድፉ። ትኩሳት ከያዛችሁ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ሐኪም ሳያያችሁ አትንኳቸው።

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልን። መልሳችሁን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ጸጉር ቤቱ ጥቂት አዘነች፤ ቤቱን ላለመሸጥ ግን ተስማምተናል። የቀረን የኢንሱሊኑ ነገር ነው። በሙቀቱና በመብራቱ እንዴት ይሆናል?

መልስ፣ ከኮ ሳሙይ

ኢንሱሊን በሆስፒታል ይገኛል፤ የሚወስዱት ዓይነት በሌላ ስም ሊሸጥ ስለሚችል ሐኪማቸው የመድኃኒቱን መሠረታዊ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ ጽፈው ይስጧቸው። የደሴቱ መብራት ከዋናው መሬት በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ የሚመጣ ነው። በዲሴምበር 2012 ያ ገመድ ተበላሽቶ ሳሙይ ለሦስት ቀን ያህል ጨለማ ውስጥ ነበረ፤ ከእኔ በፊት የመጡት አሁንም ያወሩታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በዐውሎ ነፋስ ጊዜ ለሰዓታት መጥፋቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር ካለው ግቢ ተከራዩ፤ ካልተገኘ ጥሩ የበረዶ ሣጥን ግዙ፤ በረዶ በከረጢት ስለሚሸጥ ብዙ አያስቸግርም። በሀገራችን ውኃ የሚያቀዘቅዘው የሸክላ ዕቃ እዚህ አየሩ እርጥብ ስለሆነ አይረዳም፤ ሞክሬው አውቀዋለሁ። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ያህል ቢቆይም፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ 30 ያልፋልና እሱንም ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል አኑሩት። በረዶ ሣጥን ውስጥ ስታስገቡት በፎጣ ጠቅልሉት እንጂ በረዶውን እንዲነካ አታድርጉ፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል አለበት።

የምትመጡበት ቀን ሲቆረጥ ጻፉልኝ። መርከቡ ናቶን ከሆነ የሚደርሰው እኔው ወደቡ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ የበረዶውን ሣጥንም ቀድሜ እገዛላችኋለሁ።