ያለጥፋቴ ከዩኒቨርሲቲ ተባረርኩ፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ልጅ ከኩታበር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የግቢዬን ስም አልጠራም። ሰሞኑን ዶርማችን ውስጥ ሌሊት ጠብ ተነስቶ አንድ ልጅ ተጎዳ። እኔ ያን ሌሊት ግቢ አልነበርኩም። አያቴ አርፈው ኩታበር ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስመለስ መታወቂያ ቁጥሬ ከተባረሩት ጋር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የጠራኝም የጠየቀኝም የለም። ፕሮክተሩ (የዶርም ተቆጣጣሪው) «የዲሲፕሊን ኮሚቴው ነው የወሰነው» ብሎ ሸኘኝ። አሁን ክሊራንስ (ከግቢ የመልቀቂያ ፎርም) ጨርሰህ ውጣ እየተባልኩ ነው። አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ፤ እስካሁን አልነገርኩትም። ምን ላድርግ?

የቀድሞ የተማሪ ተወካይ፦
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ክሊራንሱን ተወው። ብዙ ልጅ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው። ተናዶ ይፈርማል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ የይግባኙ ቀን ያልፍበታል። የግድ ፈርም ካሉህ ከፊርማህ አጠገብ «ይግባኝ የጠየቅሁ መሆኔን በመግለጽ» ብለህ ጻፍ።

ቀጥሎ ውሳኔው በደብዳቤ እንዲሰጥህ በጽሑፍ ጠይቅ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ምን አጠፋህ እንደተባልክ አይነግርህም። ደብዳቤው ላይ ጥፋቱ፣ የተጠቀሰብህ አንቀጽ እና ቀኑ ሊኖር ይገባል። ማመልከቻህን ሁለት ቅጂ አድርገው። አንዱን መዝገብ ቤት አስገባ፣ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመትተህ ያዝ። «ቢሮ ሄጄ ነግሬያቸው ነበር» ብትል በኋላ የሚሰማህ የለም።

የይግባኝ ጊዜው በሴኔት ሕጉ (በዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደንብ) ወይም በተማሪዎች የዲሲፕሊን መመሪያ ላይ አለ። ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ የጓደኛህን ወሬ አትመን። መመሪያውን ራስህ አንብበው። የይግባኝ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ መመሪያውን ዛሬውኑ ፈልገው።

ጠበቃ ከደሴ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ይግባኝህ እንዴት ይጻፍ የሚለውን ነው። ሁለት ነጥብ አለህ። አንደኛው «አልነበርኩም» ነው። ሁለተኛው «ሳልሰማ ተፈረደብኝ» ነው። አትቀላቅላቸው፤ ለየብቻ ጻፋቸው። ሁለተኛው ብቻውን ውሳኔ ሊያስሽር ይችላል። ክሱን ሳይነግሩት፣ መልስ ሳይቀበሉት ሰውን ማባረር ትክክለኛ ሥርዓት አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም አስተዳደራዊ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ባለጉዳዩ እንዲሰማ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል።

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይለፍ። ስድብ አይኑረው። የኮሚቴ አባል ስም እየጠራህ «ጠልቶኝ ነው» አትበል፤ ማስረጃ ከሌለህ ዞሮ አንተኑ ይጎዳሃል። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ውሳኔው እንዲሻር፣ ይግባኙ እስኪታይ ደግሞ አፈጻጸሙ እንዲታገድ። እግዱን የማይጠይቅ ተማሪ ይግባኙን ቢያሸንፍም ፈተናው ያመልጠዋል።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ወንድም፣ እኔ ብሆን ቲክቶክ ላይ ነበር የምለቀው። ሰው ሲጮህ ነው የሚሰሙት።

የቀድሞ የተማሪ ተወካይ፦
ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን አሁን አይደለም። ገና ይግባኝ ሳይል ቪዲዮ ከለቀቀ «የተቋሙን ስም አጠፋ» የሚል ሌላ ክስ ይጨመርበታል። የተጎዳው ልጅም ቤተሰብ አለው።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። ግቢ አለመኖሬን በምን ዓይነት ማስረጃ ላሳይ? የመኪና ትኬት አልያዝኩም። ፈቃድም አልጠየቅኩም፤ በድንገት ነው የሄድኩት።

እትዬ ከቦሩ ሜዳ፦
ልጄ፣ ለቅሶ ላይ የነበረ ሰው እንዴት ምስክር ያጣል? ቅሬው (እድሩ) አለ አይደል! የቅሬው ዳኛ መገኘትህን ጽፎ ይፈርምልህ። ቀበሌውም የአያትህን ማረፍ ከነቀኑ በማኅተም ይጻፍልህ። ከአስከሬን ጋር ቆመህ የተነሳኸው ፎቶ በአንዱ ዘመድ ስልክ ላይ አይጠፋም፤ ጠይቅ።

ለአባትህም ዛሬ ንገረው። ቀበሌ ሄዶ ደብዳቤ የሚያስጽፍልህ እሱ ነው። ከሰው አፍ ከሚሰማው ካንተ ይስማው።

ጠበቃ ከደሴ፦
እትዬ የተናገሩት ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ጥበቃዎች የመውጫና የመግቢያ መዝገብ ካላቸው፣ ካፌም የምግብ ካርድ የሚመዘገብ ከሆነ፣ «የዚያ ቀን መዝገብ ይቅረብልኝ» ብለህ በማመልከቻህ ጠይቅ። መዝገቡ እነሱ እጅ ስለሆነ አንተ ማምጣት አይጠበቅብህም። ያለ ፈቃድ መውጣትህን አትደብቅ። እሱ ጥፋት ቢሆን እንኳ ቅጣቱ ሌላ ነው፣ በጠብ ከመባረር ጋር አይገናኝም።

ውስጥ ያለው ይግባኝ እስከ ላይ ሄዶ ካልተሳካ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የአስተዳደር በደል ይመረምራል፣ አያስከፍልም። ግን ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይመለከትም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስብበት። ፍርድ ቤት መሄድም መብትህ ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 አለልህ። ፍርድ ቤቱ ግን መጀመሪያ የውስጡን ይግባኝ ጨርሰህ እንደሆነ ይጠይቅሃል። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል አላቸው። የከሰስከው ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን የሌላውን ፈልግ።

የሐይቋ፦
እኔ በውጤት ነበር የተባረርኩት። በውጤት የተባረረ ሰው መንገድ ሌላ ነው፤ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ወይም የፈተና ወረቀት ዳግም እንዲታይ መጠየቅ ነው። የዲሲፕሊኑን ፎርም ከዚያ ጋር እንዳታምታታው፣ ሬጅስትራር አንዳንዴ የተሳሳተውን ይሰጥሃል።

ጠያቂ፦
አባቴን ደውዬ ነገርኩት። ነገ ጠዋት ቀበሌ ይሄዳል። እኔም የደብዳቤ ጥያቄዬን ጽፌያለሁ። የይግባኙን ረቂቅ ስጨርስ የሚያይልኝ አለ?

ጠበቃ ከደሴ፦
በውስጥ መስመር ላክልኝ። ስምህንና መታወቂያ ቁጥርህን እዚህ አትለጥፍ።