ያለ ኦክስጂን «መተንፈስ» ይባላል ወይስ «መብላላት»?

ጥያቄ፦ ስለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች የተጻፈ ነገር እያረምኩ ነው። ጸሐፊው «ያለ ኦክስጂን የሚደረግ ትንፈሳ» ይላል። ተነፈሰ፣ እስትንፋስ፣ ነፋስ፣ ነፍስ ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። አየር ከሌለ ታዲያ ምኑ ነው የሚተነፈሰው? «መብላላት» ብዬ ላርመው?

መልስ፦ ኧረ አይንኩት! ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ባክቴሪያ ሳንባ የለውም። ትንፈሳ የሚባለው ከምግብ የወጣ ኤሌክትሮን በህዋሱ ስስ ሽፋን ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ከእጅ ወደ እጅ አልፎ መጨረሻ ላይ ተቀባይ የሚያገኝበት ሂደት ነው። በዚህ መሀል ፕሮቶን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ተመልሶ ሲገባ ኤቲፒ (ህዋስ ለሥራው የሚጠቀምበት ጉልበት ያዥ ሞለኪውል) ይሠራል። ተቀባዩ የግድ ኦክስጂን አይደለም። የአንጀት ባክቴሪያው ኢ ኮላይ ኦክስጂን ሲያጣ ናይትሬት የሚባለውን ውህድ ይጠቀማል፤ የውጭ ተቀባይ ጨርሶ ሲያጣ ያኔ ያብላላል። አንጀት የምታሳምመው ባክቴሪያ ሳልሞኔላ ደግሞ ትብሳለች፦ አንጀት ሲቆጣ የሰውነት መከላከያ የሚረጨው ኦክስጂን ነክ መርዝ ቴትራታዮኔት የሚባል ውህድ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ እሷም ያንኑ ትተነፍሰዋለች። ሊያጠፋት የመጣው መሣሪያ ጠቀማት ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ በመብላላት ግን የውጭ ተቀባይ የለም። ኤሌክትሮኑ የሚያርፈው ከራሱ ከምግቡ ስባሪ ላይ ነው፤ ላክቲክ አሲድና አልኮል የሚወጡትም ለዚህ ነው። ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ብቻ ስለሚተርፍ ስኳሩን በገፍ መጨረስ ግድ ይላል። «ነገሩን በሆዱ ሲያብላላው ከረመ» የምንለው ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከውጭ የሚጨምርበት የለም፣ ያለውን ነው የሚያገላብጠው።

ጠያቂው፦ እንግዲያው መብላላት ሁልጊዜ አየር በሌለበት ነው ልበል?

መልስ፦ እሱም አይሆንም። የሳንባ ምች የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ አየር በሞላበት ሳንባ ተቀምጦ ያብላላል፤ የተሟላ የትንፈሳ ሰንሰለት የለውማ። የቲቢ ባክቴሪያ በተቃራኒው በመብላላት ብቻ አይዘልቅም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የጸደቀው የቲቢ መድኃኒት ቤዳኩዊሊን ኤቲፒ የሚሠራውን ኤንዛይም አንቆ የሚገድለው በዚህ ድክመት ገብቶ ነው። ስለዚህ «ያለ ኦክስጂን» የሚለውን ከሁለቱም ቃላት ትርጉም አውጥተው ለብቻው ያቁሙት።

ሌላ አባል፦ በቅማል የሚተላለፈውን ተስቦ የምታመጣዋ ባክቴሪያ፣ ሪኬትሲያስ? ብዙዎች «ኤቲፒ ትሰርቃለች» ብለው ይጽፋሉ።

መልስ፦ ራሷም ትተነፍሳለች፤ ግሉኮስ መፍጨት ግን አትችልም። የያዛትን ህዋስ ኤቲፒ የምታስገባው በምትኩ የራሷን ኤዲፒ (ጉልበቱ የተነሳለት ኤቲፒ) እያስወጣች ነው፤ አንድ ለአንድ። እኔ ብሆን «ትለውጣለች» እላለሁ፤ ልውውጡ ለማን እንደሚያደላ ግን አንድ ሐረግ ማከል አይከፋም።