«ይጠበቃል» ወይስ «ይገመታል»? የጎልፍ ቅድመ ዳሰሳ ቃላት

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጎልፍ ውድድሮች ከመጀመራቸው በፊት ማን ሊያሸንፍ እንደሚችል በአማርኛ እጽፋለሁ። ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ብዕሬ ይቆማል። ከሁሉም የተሻለ የማሸነፍ ዕድል ያለውን ተጫዋች ምን ልበለው? ከእግር ኳስ የለመድነው «ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል» የሚለውን ነው። ጻፍኩት፤ መልሼ ሳነበው ግን ውሸት ሆነብኝ።

እግር ኳስ ላይ የሚገናኙት ሁለት ቡድኖች ናቸው። ጠንካራው «ይጠበቃል» ቢባል ያስኬዳል። ዩኤስ ኦፕን ላይ ግን 156 ሰው ይሰለፋል። አራት ቀን፣ በቀን 18 ጉድጓድ፣ በድምሩ 72። የዓለም አንደኛ የሆነው ሰው እንኳ ካሸነፋቸው ውድድሮች ያላሸነፋቸው ይበዛሉ። ስኮቲ ሼፍለር እ.ኤ.አ. በ2025 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕንና ዘ ኦፕንን ወሰደ። ማስተርስን ግን ሮሪ ማክልሮይ፣ ዩኤስ ኦፕንን ጄ.ጄ. ስፖን ወሰዱበት። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሁለቱን በአንድ ዓመት ማሸነፍ በዚህ ስፖርት ብርቅ ነው። ታዲያ በየውድድሩ «ይጠበቃል» እያልኩ አንባቢዬን ባላሳስት ደስ ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ጆሮህ ልክ ነው። «ይጠበቃል» ውስጥ ግዴታ ቢጤ አለ። እንግዳ ይጠበቃል፣ ደመወዝ ይጠበቃል። ሳይመጣ ከቀረ ቅሬታ ይከተላል። «ይገመታል» ላይ ግን ቢሳሳት የተሳሳተው ገማቹ ነው፤ ተጫዋቹ ዕዳ የለበትም። ስለዚህ «ቅድሚያ ግምት የተሰጠው» በለው። የስፖርት ጋዜጠኞችም ይሉታል። ደግሞ «ቅድሚያ» የሚለውን ልብ በል። ከእያንዳንዱ ቀደመ ማለት እንጂ የሌሎቹ ሁሉ ዕድል ተደምሮ አይበልጠውም ማለት አይደለም። የጎልፍ እውነት ይኸው ነው።

«ትንበያ»ንም እንዳትረሳው። ከ«ነቢይ» ጋር አንድ ሥር ስለሆነ አንዳንዶች ይከብዳቸዋል። እኔ አልስማማም። «የአየር ትንበያ» ስንል ራእይ የታየው ሰው ትዝ የሚለን የለም፤ መረጃ ተሰብስቦ መሰላቱን ነው የምናውቀው። ስሌት ካለህ «ትንበያ» በል፤ ዓይተህ የመዘንከው ብቻ ከሆነ «ግምት» ይበቃል።

ጠያቂው፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ስሌቱስ አለ። እያንዳንዱ ምት ከአማካይ ተጫዋች ጋር እየተነጻጸረ ይለካል። አማካዩ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ኳሷን በ3 ምት የሚያስገባ ከሆነና ይሄኛው በ2 ካስገባ፣ አንድ ምት በለጠ። ይህን «የተገኘ ምት» ስለው አንባቢ ምት የጨመረ ይመስለዋል። ጎልፍ ደግሞ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። «ዝቅተኛ ነጥብ አስመዘገበ» ብዬ ጽፌ አንድ ወዳጄ «ምነው፣ ወደቀ እንዴ?» ብሎኛል።

መልስ፦
«ያተረፈው ምት» በለዋ! ማትረፍ ትርፍ ማግኘትም ነው፤ ሳያወጡ ማስቀረትም ነው። ሁለቱም ትርጉም እዚህ ይሠራል። «ነጥብ» የሚለውን ግን ከጎልፍ አውጣው። ነጥብ ሲበዛ ነው የምንደሰተው። «በ270 ምት ጨረሰ»፣ «በ3 ምት ቀደመ» ካልክ ማንም አይሳሳትም። ከሁለት ቀን በኋላ ብዙዎቹ የሚሰናበቱበትንም «ማጣሪያ» አትበለው፤ እሱ ወደ ውድድሩ ለመግባት ነው። ፈተና ላይ እንደምንለው «መቁረጫውን አለፈ» ይበቃል።

ሌላ መልስ፦
ልጆቼ፣ እኔም ልግባ። ማንም ስሙን ያላነሳው ሰው ሲያሸንፍ «ጥቁር ፈረስ» የሚሉ አሉ። የውጭ ፈረስ ምን ያደርግልናል? የራሳችን አለን፤ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ቤን ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ2003 ዘ ኦፕንን ሲያሸንፍ በዓለም ደረጃ 396ኛ ነበር። ከታላላቆቹ ውድድሮች በአንዱ ሲሰለፍም የመጀመሪያው ነበር። ጆን ዴሊም በ1991 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ 9ኛ ተጠባባቂ ነበር። ሰዎች እየቀሩ ተራው ደረሰው፤ ገባና ዋንጫውን ወሰደ። ተረቱ ለነሱ የተተረተ ይመስላል።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ ተረቱን እወደዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቅሉ ድንጋይ ከሰበረም በኋላ ቅል ነው። ጀግናው ቀኑ እንጂ እሱ አይደለም። ለስፖን ይህ ግፍ ይሆናል። ዩኤስ ኦፕንን ባሸነፈበት በ2025፣ መጋቢት ላይ በፕሌየርስ ሻምፒዮንሺፕ ከማክልሮይ ጋር እኩል ጨርሶ በመለያው ነው የተሸነፈው። አቋሙን ላየ ሰው ምልክቱ ነበር። ዩኤስ ኦፕን በተካሄደበት ኦክሞንት ላይ ደግሞ የመጨረሻው ጉድጓድ ሲደርስ፣ በዝናብ በራሰ ሜዳ፣ ኳሷ ከጉድጓዱ 64 ጫማ ርቃ ቆመች፤ ወደ 20 ሜትር ነው። በሁለት ምት ቢያስገባም ያሸንፍ ነበር። በአንድ አንከባልሎ አስገባት። ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት፣ በታች የጨረሰው እሱ ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ ምት። ይህን ሰው ቅል ልለው አልደፍርም።

ሌላ መልስ፦
እውነትህን ነው ልጄ። እሱንስ «ያልተገመተው» በለው። ጥፋቱ የገማቾቹ ነው። ያቺን የ64 ጫማ ምት ግን «ቀናው» በላት። አዳኝ ሲሳካለት «ቀናው» ይባላል። አዳኙ ዒላማ ያውቃል፤ ግን ደግሞ ቀናው። ችሎታውን አይነሳውም፣ ዕድሉንም አይደብቅም።

ጠያቂው፦
ይህን ፍለጋ ነበር የመጣሁት ጋሼ! ገማቾች ከሩቅ ወደ ግሪኑ (ጉድጓዱ ወዳለበት አጭር ሣር) የሚመታውን ምት የበለጠ ያምኑታል፤ ከሳምንት ሳምንት ብዙም አይለዋወጥም። ግሪኑ ላይ ማንከባለል ግን አንድ ሳምንት ይሰምራል፣ በሚቀጥለው ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ወቅታዊ አቋም»፣ ሁለተኛውን «እጁ ቀንቶታል» እለዋለሁ። ዓረፍተ ነገሬን እንዲህ አስተካከልኩት፦

«ሼፍለር ቅድሚያ ግምት ተሰጥቶታል፤ ወደ ግሪኑ በሚመታቸው ኳሶች ብዙ ምት እያተረፈ ነው። የሌሎቹ ተሰላፊዎች ዕድል ሲደመር ግን ከሱ ይበልጣል። ከነሱ አንዱ አራቱንም ቀን ከቀናው ዋንጫው የሱ ነው።»